ማስተካከያ፦ ቲኤስኤች ሲጨምር ታይሮይድ ደክሟል ማለት ነው

ቀደም ሲል ስለ ታይሮይድ (አንገት ላይ ስላለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ምርመራ በወጣው ጽሑፍ፣ ቲኤስኤች የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ካለ ታይሮይድ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ተብሎ ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው፤ ታይሮይድ ሲለግም በርታ እያለ ይጎተጉተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ ታይሮይዱ ደክሟል። ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ቲ4 የተባለው ሆርሞን አብሮ ዝቅ ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ፒቱታሪው ራሱ ከታመመ ግን ቲኤስኤች ብቻውን አይታመንም።

ይህ በተለይ ለሴቶች ቀላል ነገር አይደለም። ታይሮይድ በጣም ሲደክም ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሊጨምር፣ እንቁላል መውጣቱ ሊስተጓጎል፣ የወር አበባም ሊዛባ ይችላል። ልጅ ፈልጋ የዘገየባት ሴት ማህፀኗን ብቻ ሳይሆን ታይሮይዷንም ብትታይ ጥሩ ነው።

ያንን ጽሑፍ አንብባችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን አናግሩ።