ከእናቷ የምትበልጥ ልጅ

አሜሪካኖች ዘራቸውን መቁጠር ይወዳሉ። ጡረታ የወጣው ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ላይብረሪ ይገባና ቅድመ አያቱን ሲፈልግ ይውላል። ደግሞም ያገኛል። በየ10 ዓመቱ ሕዝባቸውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። የሰው ስም ያለበት መዝገብ 72 ዓመት ተቆልፎ ይቆይና ለሕዝብ ይከፈታል። የ1950ው ቆጠራ በ2022 ኤፕሪል ላይ ተከፍቷል (ዘመኑ በፈረንጅ ነው)። የ1890ው ግን አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ተጎድቶ ቀርቷል።

ወረቀት በዛ ማለት ግን ስህተት የለም ማለት አይደለም። አንዱ ያላጣራውን የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል። ሌላው ሳያመሳክር ይገለብጠዋል። ከዚያ “መቶ ቦታ አይቼዋለሁ” ይባላል፤ መቶውም ከአንድ ሰው የተቀዳ ነው። ከእናቷ በሁለት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ያየሁት እንዲህ ዓይነቱ ሐረግ ላይ ነው። ማንም ቀንሶ አላየውም! “የኤሊስ አይላንድ (በመርከብ የመጡ ስደተኞች ኒውዮርክ ሲደርሱ ያልፉበት የነበረው ደሴት) ጸሐፊ ስማችንን ቀየረው” የሚሉትም ብዙ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ግን የሚሠሩት መርከቡ በተነሳበት ወደብ ተሞልቶ ከመጣ ዝርዝር ነበር። ብዙዎቹ ስማቸውን በኋላ የቀየሩት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቴ ፍለጋው 1870 ላይ ቆሞበታል። ከዚያ በፊት በነበሩት የ1850 እና የ1860 ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው የተመዘገቡት። “እናንተ እኮ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ” ሲለኝ ምን ልበለው?

እንቆጥራለን፣ እውነት ነው። ግን አቆጣጠራችንም ጣጣ አለው። ጎጃምና ጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ድርሻ መጠየቅ ይችላል። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የሚባለውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ትውልድ መቁጠር የሙግት መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ለሙግት የማይመች አያት ቢዘለል፣ የሚመች ቢጨመር አይገርምም። በ1967 (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ሙግቱ ቀረ፤ ለሙግት የተቆጠረው ሐረግ ግን እስከዛሬ በየቤቱ ይወራል። አያቱ ያሳደገው ልጅ ደግሞ በአያቱ ስም ይጠራና አንድ ትውልድ እልም ይላል።

ያም ሆኖ አገር ቤት አንድ የምቀናበት ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለህ “እገሌ የእገሌ ወንድም ነው” በል እስቲ። ከጥግ ያሉት አዛውንት ነጠላቸውን እያስተካከሉ “ኧረ የእህቱ ልጅ ነው፤ እናቱ እኮ ደብረ ታቦር ያገባችው ናት” ይሉሃል። ሌላኛዋ ደግሞ “ደብረ ታቦር ሳይሆን እስቴ” ብለው እሳቸውንም ያርማሉ። ቡናው ሳይፈላ ተጣርቶ ያልቃል። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ የሚያርም ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እኛ ስደተኞቹ የሁለቱንም ስህተት ደርበን ይዘናል። አባት የራሱን አባት ስም ይዞ ይመጣል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆችም ያንኑ የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። ወንድሙ በሌላ መንገድ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ስም የአያቱ ሆኖ ይገባል። ከሁለት ትውልድ በኋላ የአጎት ልጆች ዝምድናቸውን በምን ያውቁታል? የልደቱ ቀንማ አይወራ። ግማሹ ሐበሻ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ነው የሚመስለው።

አንዲት የማውቃቸው እናት መታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1፣ 1931 ይላል። እሳቸውን ብትጠይቅ “በጣሊያን ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የግንቦት ልደታ ንፍሮ እየተበላ” ይሉሃል። ይኼ ከመታወቂያው ይሻላል። ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። በዓመቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት ስታካፍለው 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ የቆየው በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ነው። በመሃል ያለው ሉቃስ 1931 ብቻ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1931 ማለት በፈረንጅ ሜይ 9፣ 1939 ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው የእኛን ዓመት ሳይቀይር እንዳለ አስገብቶት ስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል።

አስልቼ ስነግራቸው ሳቁ። “ታዲያ ለዚህ ብለህ ቢሮ ለቢሮ ልታንከራትተኝ ነው? ወረቀቱን ተወው፤ ለልጅ ልጆቼ ግን ልኩን ጻፍላቸው” አሉ። ሁለቱንም ጽፌላቸዋለሁ። ጃንዋሪ 1ን አልሰረዝኩትም፤ ልጆቹ ነገ የመንግሥት መዝገብ ሲፈልጉ የሚያገኟቸው በዚያ ቀን ነው። ከሥሩ የግንቦት ልደታን፣ ስሌቱን፣ የነገሩኝ ራሳቸው መሆናቸውንና ያወራንበትን ቀን አስፍሬያለሁ። የአባታቸውን አባት ስም ስጠይቃቸው ግን ትንሽ አመነቱ። እሱን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ባሕር ዳር ያሉት ታናሽ እህታቸው ጋ በኢሞ ልንደውል ተቀጣጥረናል።