እርማት፦ ሳይኮሲስ ማለት ማሰብ አለመቻል አይደለም

ሳይኮሲስ ሰው ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚዛባበት የአእምሮ ሁኔታ ነው። «ሳይኮሲስ ያለበት ሰው አእምሮው ማመዛዘን አቁሟል» ሲሉ የሰጡት አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል ስላልሆነ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ሃቅ፣ ጋሬቲና ሄምስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ዶቃ የያዙ ሁለት ዕቃዎች ቀርበው ነበር፤ በአንደኛው ከ100 ዶቃዎች 85ቱ የአንድ ቀለም፣ 15ቱ የሌላ ቀለም ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተሳታፊው ዶቃዎቹ ከየትኛው ዕቃ እንደሚወጡ እስኪወስን ድረስ አንድ በአንድ እያስወጣ ያያል። ዴሉዥን (ማስረጃ ቢቃወመውም የማይለቅ የተሳሳተ እምነት) ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ከሌሎቹ ያነሱ ዶቃዎች አይተው ወሰኑ።

ይህን ግን ልብ ይበሉ፦ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት ዶቃዎች በተከታታይ ከወጡ ግምቱ ትክክል የመሆን ዕድሉ 97 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በጥቂት ዶቃዎች መወሰናቸው ስሌቱ እንደጠፋቸው አያሳይም፤ የተለየው ማስረጃ መፈለግ የሚያቆሙበት ጊዜ ነው። ጎረቤት ሲስቅ ሰምቶ «በእኔ ነው የሚስቁት» ብሎ ወዲያው የሚደመድም ሰው፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ከማጤኑ በፊት ፍርሃቱ ይቀድመዋል። የትኩረትና የማስታወስ ችግር በብዙዎች ላይ መታየቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ችኩል ድምዳሜ በሁሉም ሕመምተኞች ላይ አይታይም፣ ጤነኞችም ያደርጉታል። ሜታኮግኒቲቭ ሥልጠና የሚባለው የሕክምና ዘዴም ይህንኑ ችኮላ ከሕመምተኛው ጋር በልምምድ ይመረምራል፤ ማመዛዘን ለማይችል ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ልምምድ ባልተዘጋጀ ነበር።