የተቀባዮቹንም ስም ጻፉ

ወገኖቼ፣ በየቤታችሁ፣ ብፌ ውስጥም ይሁን አልጋ ሥር በተገፋ ሻንጣ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ሕዝብ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ፣ ፖሊስ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሰዉን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ተማሪ ትንንሽ ባንዲራ ይዞ። ማን ሲመጣ እንደተነሣ ብጠይቃችሁ ወዲያው ትነግሩኛላችሁ። «ንግሥቲቱ የመጣች ጊዜ ነው»፣ «የዩጎዝላቪያው ቲቶ ነው»፣ «የኩባው ካስትሮ ነው» ትላላችሁ። ከፊት የቆመችውስ ሴት ማን ናት ስላችሁ ግን መልስ የለም። ዛሬ ልገሥጻችሁ የተነሣሁት በዚህ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

እኛ ቤት ያለው የጥር 1957 ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጥር 24 ቀን አዲስ አበባ የገቡ ዕለት ከመንገድ ዳር የተነሣ። እናቴ እስከ ዛሬ «የንግሥቲቱ ፎቶ» ነው የምትለው። ንግሥቲቱ ግን ፎቶው ላይ የሉም። አንሺው ዘግይቷል፤ በግራ ጠርዝ የመኪና የኋላ ጎማ ብቻ ይታያል። ያለው ሕዝቡ ነው። አያቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ከልላለች። እናቴ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ቀሚሷን ጨብጣለች። አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ከአያቴ በስተቀኝ አንዲት ረጅም ሴት እጇን አያቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ትስቃለች። እንዲህ ያለ እጅ ለባዳ አይዘረጋም። ወይ ዘመድ ናት፣ ወይ ጎረቤት፣ ወይ የጽዋ ማኅበር እኅት። አያቴ ከእኛ ጋር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም። ፎቶውን እኔም ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ የጠየቅኋት ግን ንግሥቲቱ ዘውድ ደፍተው እንደነበር ነው። አያቴ አርፋለች። ያልጠየቅሁት ያናድደኛል።

እስቲ አስተውሉ። ንግሥቲቱ በዚያ ጉብኝት በፊልም ተቀርጸዋል፣ በጋዜጣ ወጥተዋል፤ አገራቸውም ምስላቸውን ከነቀኑ ያስቀምጣል። የእኛ ፎቶ ነገ ምስጥ ቢበላው እሳቸው የሚጎድልባቸው አንዳች ነገር የለም። አያቴ ግን በወጣትነቷ የተነሣችው ሌላ ፎቶ የላትም። ታዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው? ጠባቂ ሞልቶ የተረፈውን ወይስ ከእኛ በቀር ማንም የሌለውን?

መቀሱንም አስቀምጡ። ሰው ሲሞትብን ከቡድን ፎቶ ላይ የሟችን ፊት ቆርጠን ለልቅሶ ቤት እንዲያድግልን ፎቶ ቤት መሮጥ ለምዶብናል። ሐዘን እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። ግን ፎቶ ቤቱ ሳይቆረጥም ያሳድገዋል! ስንት ቤት ገብቼ፣ መሐሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ ሰልፍ አይቻለሁ። የተቆረጠው ከልቅሶው በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም፤ የቀሩትም አንገታቸውን ወደሌለ ሰው አዙረው ቀርተዋል።

ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ስለ ፎቶ አልተናገሩም፤ ለፎቶ ግን እውነት ነው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው እየቆየ ቢጫ ሆኖ ምስሉን ይበላዋል። ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከታሸገ ማውጣት አይቻልም። ከፍሬም መስታወት ጋር ያጣበቃችሁት እርጥበት ሲያገኘው ከመስታወቱ ጋር ይቀራል። ያ ገጹ የሚያጣብቅ አልበምም ፎቶውን ይዞ አይለቅም። በጀርባው በእስክሪብቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። ጥቁርና ነጩ በአግባቡ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በደርግ ጊዜ የተነሡት ባለ ቀለሞቹ ግን ብዙዎቹ እየቀሉ ነው፤ ስካን ለማድረግ ከእነሱ ጀምሩ።

በደርግ ዘመን ከጃንሆይ ወይም ከመኳንንት ጋር የተነሡትን ፎቶ በፍርሃት ያቃጠሉ፣ መሬት የቀበሩ ቤተሰቦች ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ የነፍስ ጉዳይ ነበር። እኛን ግን ማን አስፈራራን? ፒያሳና ካዛንችስ ሲፈርሱ ዕቃችንን ስንጭን ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ የፎቶውን ካርቶን ግን «ኋላ እንመለስበታለን» ብለን ትተን የሄድን ስንቶች ነን? ሶፋ እኮ ይገዛል!

ስለ ዓመተ ምሕረቱም ልናገር፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ነው። በጀርባው «1957» ብቻ የተጻፈበት ፎቶ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለተወለደ የልጅ ልጅ ሲደርስ በፈረንጅ ይቆጥረዋል፤ ጉብኝቱ በፈረንጅ 1965 ስለነበር ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ስለዚህ «ዓ.ም.» ብላችሁ፣ «በኢትዮጵያ» ብላችሁ ጨምሩ። ቀን ያልተጻፈበትን ደግሞ ምስሉን ጠይቁት። ከጀርባ የአፍሪካ አዳራሽ ከታየ፣ አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ነውና፣ የቲቶ የመጀመሪያ ጉብኝት ሊሆን አይችልም፤ እሱ በታኅሣሥ 1948 ነው። የፈረንሳዩ ደጎል የመጡት በነሐሴ 1958 ነው፤ አስፋልቱ የረጠበ፣ ጃንጥላ የበዛበት ከሆነ ከንግሥቲቱ የጥር ፀሐይ ጋር አታምታቱት። ካስትሮ በመስከረም 1971 ለአብዮቱ አራተኛ ዓመት የተገኙበት አደባባይ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ዛሬ መስቀል አደባባይ ነው። ሁለቱንም ስም ጻፉ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥፋት መጥቷል። ደብዛዛውን ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥታችሁ «አጥርቼ ቀለም ቀባሁት» እያላችሁ የምታሰራጩ፣ ተዉ! ማሽኑ የደበዘዘውን ፊት አያጠራውም፤ ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ፊት ይተካበታል። በሰው እናት ፊት ላይ የማታውቁትን ሰው ዓይንና አፍንጫ እየለጠፋችሁ ነው። የነጠላዋን ጥለት ቀይ ያደረገው ማን ነው? ማን አይቶ?

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ የጃማይካ ሕዝብ ጥበቃውን አልፎ አውሮፕላኑን ከበበው፤ ወዲያው መውረድ እንኳ አልቻሉም። ራስተፈሪያን ያንን ቀን በየዓመቱ ያከብሩታል፤ ሲተርኩትም የሕዝቡ ጎርፍ ከእንግዳው እኩል ይነገራል። እኛ ግን ወጥተን የተቀበልነውን ሁሉ ስናስታውስ የራሳችንን ሰው ከትረካው እናወጣዋለን።

ይህን መንግሥት ይሥራልን አትበሉኝ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የአክስታችሁን ጎረቤት ስም ከየት ያመጣሉ? የምታውቀው አክስታችሁ ናት። በ1957 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ አልፏል። ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ በሉ፣ ፎቶውን በጥሩ ብርሃን አሳዩአት፣ እያንዳንዱን ፊት በጣታችሁ እያመለከታችሁ ጠይቁ። ድምፅዋን በስልካችሁ ቅረጹ። ጀርባውንም ፊቱንም በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፤ በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

እኔ ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ አደረግሁ። እናቴ ረጅሟን ሴት ብዙ አየቻት። ስሟ አልመጣላትም፤ ቀበና፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ትኖር እንደነበር፣ ለአያቴ በርበሬ ትቀነጥስላት እንደነበር ብቻ ነው ያስታወሰችው። ያንኑ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ከወላጆቻችሁ በዚያ ዘመን ቀበና የኖረ ካለ ሻንጣውን አውርዳችሁ እዩልኝ፤ ምናልባት እናንተ ቤት ባለው ፎቶ ላይ እሷ ከነስሟ፣ አያቴ ደግሞ ያለ ስም ቆማ ይሆናል።