ድሬ ላይ የተደገሰ የባሕር ዳርቻ ሰርግ

ድሬዳዋን ከባሕር ጋር ያስተዋወቃት የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ሐዲድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋን ቆረቆራት፤ ሸቀጡንና ነጋዴውን ይዞላት መጣ እንጂ ዳርቻና ማዕበል አላመጣላትም። ይህ ጉድለት ከመቶ ዓመት በላይ ማንንም ሳያስከፋ ኖሯል። አሁን ግን የሚሞሸሩ ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩት ሰርግ ሁሉ አሸዋ ላይ፣ ነጭ መጋረጃ ሥር፣ ነፋስ ቬሎውን እያርገበገበው የሚፈጸም ስለሆነ፣ ሐዲዱ ያላመጣውን ባሕር የዲኮር ባለሙያው እንዲያመጣው ተወስኗል።

አሸዋው አያስቸግርም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው ወንዝ ነውና ቤት ሠሪው የሚያስጭነውን አሸዋ ሰርገኛውም ያስጭናል። ግቢው ውስጥ ይነሰነሳል፤ በላዩ ነጭ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ኬኩ ጀልባ በሚመስል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ድንኳን ግን አይተከልም፤ ድንኳን ልቅሶ ያስመስላል፣ ከዚያም በላይ ፎቶ ያበላሻል። «ቢዘንብስ?» የሚል አጎት ከተገኘ፣ «አቦ ጋሼ፣ ድሬ መቼ ዘንቦ ያውቃል!» ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል።

ይህ መልስ በጥር ቢሰጥ ያስኬዳል። ነገር ግን በወርቅ ዋጋ ወይም በቤት ኪራይ ምክንያት ጥር ያመለጣቸው ጥንዶች ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጠብቀው፣ ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ በአንድ ቅዳሜ ይግተለተላሉ። ያ ሰሞን ብዙውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል፤ ሚያዝያ ደግሞ በድሬዳዋ የበልጉ ዝናብ የሚበረታበት፣ ከነሐሴ ጋር የሚፎካከር ወር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሰርጉን በር በከፈተች ማግስት ሰማዩም የራሱን ይከፍታል ማለት ነው። የሙሽሮቹ ቤተሰብ የበሬውን ዋጋ ከወር በፊት አጥንቶ፣ የእንግዳውን ብዛት በወንበር አስልቶ፣ ይህችን ሒሳብ ብቻ ይዘላታል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ተብሏል፤ ለሰማይ ደግሞ ቀብድ አይሰጥም።

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ንጉሥ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ድሬ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት የሚያማርር፣ ካፊያ ሲጥል ደግሞ ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ «ተመስገን» የሚል ሰው አገር ናት። ሰርግ ላይ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚስተናገድ የሚደነግግ ባህል የለንም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ቀድሞ የተነሣ ሰው በሰርጉ የተመቀኘ ይመስላልና የወንዱ ወገን የሴቷን ወገን ይጠብቃል፣ የሴቷ ወገን ሽማግሌዎቹን ይጠብቃል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከወንበር መነሣት በራሱ ሥራ ስለሆነባቸው ማንንም አይጠብቁም። በዚህ መሐል ዘና ብለው የሚታዩት የሐረር እንግዶች ብቻ ናቸው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ሰዎቿ ሹራብና ዣንጥላ ይዘው መውረዳቸው ቀን ላይ አስቆባቸው ነበር፤ የእኛ ዣንጥላዎች የፀሐይ ስለሆኑ ውሃውን ትንሽ ቀነስ አድርገው ያሳልፉታል።

ዝናቡ ሲጠና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጀመራል። አንደኛው ወንጀለኛ ፍለጋ ነው፤ ድስት የፋቀ ሰው ሰርጉ ላይ ይዘንብበታል የሚሉ አክስቶች ከሁለቱም ወገን ተነሥተው፣ በልጅነቱ ድስት ይፍቅ የነበረው የእናንተ ልጅ ነው የእናንተ ልጅ ናት ይባባላሉ። ሁለተኛው ስብከት ነው። የመድረክ መሪው፣ ማይክሮፎኑ እንዳይነዝረው በናፕኪን ጠቅልሎ፣ «ዝናብ በረከት ነው! አጨብጭቡ!» ይላል። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሁሉም «በረከት ነው» ይላል፣ እያለም ወደ ቆርቆሮው ሥር ይሮጣል። በረከት መሆኑን የተጠራጠረ አንድም ሰው አላየሁም፤ በረከቱን ቆሞ የተቀበለም እንዲሁ።

የክብር ተራውም የተገለበጠው ያኔ ነው። ከፊት ሶፋ የተሰጣቸው ባለሀብትና ባለሥልጣን የሶፋው እግር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ከመሬት እኩል ሲሆኑ፣ ከኋላ ወጥ ቤቱ አጠገብ የተወረወረው፣ ሳይጠራ የመጣውም ጭምር፣ ጣራ ያለው ቦታ የደረሰው እሱ ሆኖ ይገኛል። ወጥ ቀማሽዋ እትዬ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን በጭልፋ ሲወስኑ የወረዳ ኃላፊ ፊታቸው ቆሞ ሲለማመጥ ማየት የሚያስደስተኝ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። በሌላው ጥግ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ማዕድ፣ በግቢው ዳርና ዳር በጥንቃቄ ተለይተው የቆዩት፣ አንድ ሸራ ሥር ገብተዋል። ጭልፋ ከጭልፋ እንዳይሳሳት ከሁለቱም ወገን አንዳንድ አዛውንት መሐል ላይ ዘብ ቆመዋል፤ እነሱም ጥቂት ቆይተው ስለ ጫት ዋጋ መጫወት ጀምረዋል።

በቁም ነገር የሚያስፈራው ዝናብ ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ፣ የድሬ ሽማግሌ የሚሠጋው በራሱ ላይ ከሚወርደው ይልቅ ከከተማዋ በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ ላይ ከሚወርደው ነው። ስለዚህ ከጭብጨባው ጀርባ ስልክ ወደ ላይ ይደወላል፤ «እዚህስ ካፊያም የለ» የሚል መልስ ሲመጣ ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር አልፎ የሁሉም ትከሻ ይላላል።

ሙሽሮቹ ዘና የሚሉትም ያን ጊዜ ነው። ሙሽራዋ ተረከዙ አሸዋ የዋጠውን ጫማ ለሚዜዋ አቀብላ፣ ለሰዓታት የተደከመበት ኩል በጉንጯ እየወረደ፣ መሐል ሜዳ ገብታ ትጨፍራለች፤ ሙሽራው ኮቱን በራሷ ላይ ሊይዝላት ይሞክርና ይተወዋል። ዲጄው ጄኔሬተሩ ስለጠፋ አፉን ዘግቶ ይቆማል፤ ከበሮ የምትመታ አሮጊት ግን በነዳጅ አትሠራም። ልጆች ይከተላሉ፣ ሚዜዎች ይከተላሉ፣ በመጨረሻ ያ «ቢዘንብስ?» ያለው አጎት ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል። ግቢው ውስጥ ውሃው ተኝቷል፣ አሸዋው እየተንሸራተተ ነው፣ የጀልባው ጠረጴዛ ኬኩን እንደተሸከመ ዘንበል ብሏል፤ ባሕሩ አሁን ገና ሙሉ ሆነ።

ፎቶዎቹ እጅግ ያምሩ ነበር። በሳምንቱ ቀጣዮቹ ሙሽሮች ወደዚያው የዲኮር ባለሙያ ሄደው ሰርጋቸው ልክ እንደዚህ ዝናብ እንዲኖረው ጠየቁ። እሱም ካልኩሌተሩን አውጥቶ የአንድ የውሃ ቦቴን ዋጋ፣ የፓምፑንና የጎማውን ኪራይ ደምሮ፣ «በረከቱ ሲቀጥን ይሻላል፣ ሲወፍር?» አላቸው።