ኒሻኑን አይተን ሰውየውን ያላየን

ያገሬ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ይቆረቁራችኋል። ይቆርቁራችሁ።

ግንቦት 1945 ዓ.ም. በኮሪያ ግንባር አንድ ወጣት የእግረኛ ጦር መኮንን ጥቂት ወታደሮች ይዘው ለቅኝት ወጡ። ማሞ ሀብተወልድ ይባላሉ፣ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ መኮንን ነበሩ። ኋላ በሽምግልናቸው ለጋዜጠኛ እንደተናገሩት፣ ቡድናቸው በሙሉ እሳቸውን ጨምሮ ዐሥራ አራት ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የከበባቸው የቻይና ጦር ግን እስከ 300 ይደርስ ነበር። አራቱ እዚያው ወደቁ። የቀሩት በሙሉ ቆሰሉ፣ መሪያቸውም ጭምር። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚያ ውጊያ የአገሪቱን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ኒሻን ሸለሟቸው።

አሁን እጃችሁን ልባችሁ ላይ አድርጋችሁ መልሱልኝ፤ ይህን ስም ከእናንተ ስንቱ ያውቀዋል? የውጭ አገር የኳስ ቡድን ተጫዋቾችን ከነመለያ ቁጥራቸው የሚደረድር ልጅ አሳድገናል፤ ሻምበል ማሞን የሚያውቅ ግን አላሳደግንም። እኛው ሳንጠይቃቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ጋዜጠኛ ጠየቃቸው። እኛም ታሪካቸውን ከባዕድ አፍ ሰምተን «እንዲህም ያለ ሰው ነበረን እንዴ!» አልን። እንዲህ ብሎ መገረም አያስመሰግንም፣ ያሳፍራል።

ቃኘው ማለት የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በዚህ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰለፈ። ለምን ሄደ? ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ «የተወረረን አገር ዓለም በጋራ ይከላከል» ብለን ጮኸን ሰሚ አጥተን ነበርና፣ ያው ወረራ ሌላ ሕዝብ ላይ ሲደርስ ያን ቃል እኛው ልንፈጽመው ነው። በጦርነቱ ላይ 3,500 ገደማ ወታደሮቻችን ተዋጉ፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ6,000 ይበልጣል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ከዚህ ሁሉ ደግሞ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ እነዚሁ ወታደሮች ከደመወዛቸው እየቆረጡ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቋሙ። ይህን ስናወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወሬያችን ሁሉ ስለ ጎራዴና ስለ ቦምብ ነው።

ኮሪያውያኑ አልረሱም። ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት አቆሙላቸው፤ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በቦታው ተገኝተዋል። አዲስ አበባ ያሉትን አረጋውያን በሆስፒታላቸው ያክማሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። የኮሪያ ልጅ አያቱን ያዳኑትን ሰዎች ፍለጋ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሮ ይመጣል። እኛ ኮሪያ ሰፈርን በታክሲ እናቋርጣለን፤ ሰፈሩ ስሙን ከየት እንዳገኘ ረዳቱን ብትጠይቁት ይስቅባችኋል።

«መንግሥት ነው የረሳቸው» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ኮሪያ ከዘመተው አብዛኛው የዚያ ጦር ልጅ ነበርና ብዙዎቹ በጥርጣሬ ዓይን ታዩ። ደርግ መጣ፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ ከኮሙኒስት ጋር ተዋግቶ የተሸለመ ሰው ኒሻኑን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ዝም ማለት ግድ ሆነበት። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካራማራ ተዋጊዎች ሆነና፣ ለሶማሊያው መሪ ለዚያድ ባሬ ታንክ ደረታቸውን የሰጡ መኮንኖች «የደርግ ወታደር» ተብለው ተበተኑ። መንግሥታት ይህን አደረጉ። ጎረቤቱ ግን ማን ነበር? እናንተና እኔ ነበርን። ሽማግሌውን በየቀኑ በራችን ላይ እያየን «የጃንሆይ ሰው»፣ «የደርግ ሰው» ብለን የምንጠራቸው እኛው ነን። ወታደር ዙፋን አይመርጥም። ሰንደቅ ዓላማ ተሰጥቶት ሂድ ተባለ፣ ሄደ፣ ባልደረባውን ቀብሮ ተመለሰ። የላከውን ንጉሥ ውደዱ አላልኳችሁም፤ ጥላቻችሁን ከንጉሡ ጋር ጨርሱ፣ የተላከውን ሰው ግን ተዉት።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ በሽታ ጨምረናል። ጀግናውን በብሔር እንመዝነዋለን። ስሙን አይተን «የእኛ ነው» ካልን እናጨበጭባለን፣ «የእነሱ ነው» ካልን አንገታችንን እንሰብራለን። የቃኘው ወታደር ምሽግ ውስጥ ሲቆስል የተሸከመው ጓዱ ከየት አውራጃ እንደመጣ አልጠየቀውም። አስክሬን ጥሎ መመለስ ነውር ነበረና የወደቀውን ተሸክሞ ይመለስ ነበር፤ እኛ ዛሬ በስሙ እንከፋፈላለን።

ሦስተኛውን በሽታ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። የማንረሳቸውንም እናበላሻቸዋለን። ከዓመት አንድ ቀን ትዝ ሲሉን የሐሰት ማዕረግ እንደርብላቸዋለን፤ መቶ አለቃው ኮሎኔል፣ ሻምበሉ ጄኔራል ይሆናሉ። የሌላ አገር ወታደር ፎቶግራፍ ለጥፈን «ጀግናችን» እንላለን። አንድ ሰው ብቻውን ሺህ ገደለ ብለን እንጽፍና ሺህ ሰው ያጋራዋል። ከነባልደረቦቹ አሥራ አምስት ሆኖ በ300 ሰው ተከቦ የወጣ ሰው የእኛ ማጋነን ያስፈልገዋል? ተረት ያደረጋችሁት ሰው የልጅ ልጁ ነገ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ያጣል። ይህም ውለታ መብላት ነው፤ በአድናቆት ስም ስለሆነ ደግሞ ማንም አይነቅፈውም።

ወግ እንዳይመስላችሁ፣ የምላችሁ ሥራ አለው። ከኮሪያ ዘማቾች የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ዘጠና አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። የካራማራዎቹም ብዙዎቹ ሰባ አልፏቸዋል። ማኅበራቸው አዲስ አበባ አለ፣ አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያቸውም አለ። ሂዱ። ስልካችሁን ለራሳችሁ ፎቶ ከማውጣታችሁ በፊት ድምፅ ለመቅዳት አውጡት። «ስንት ገደልክ» ብላችሁ ሽማግሌ አታዋርዱ። የመቶ አለቃህ ማን ነበር፣ ጓድህ የት ወደቀ፣ ስንቅ ሲያልቅ ምን በላችሁ፣ ስትመለስ ማን ተቀበለህ ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ ዝም በሉ፤ ነገ ተመለሱ። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያታችሁ ሜዳይ ካለ ለቱሪስት አትሽጡት፤ የተሸለመበትን ውጊያና ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የማታውቁትን ባዶ ተዉት፣ ከልባችሁ አትሙሉት። ሻምበል ከሆኑ ሻምበል ብላችሁ ጻፉ።