ውዳሴ፣ ከፍተው ለማይዘጉ

የጀመረውን የሚጨርስ ሰው አወዳሽ አያጣም። እኔ ዛሬ የተነሣሁት አወዳሽ ላጣው ወገን ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፕሮግራም በፕሮግራም፣ ፋይል በፋይል ላይ ደርቦ እየከፈተ፣ መዝጋት የሚባለውን ግን ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ሥራ ለሚቆጥረው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ሲሉት እሰማለሁ። ስሙን የሚያጠፉት ሰዎች አንድ ነገር ስተዋል፦ ሰነፍ ሰው ምንም አይከፍትም፤ የእኛ ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲከፍት ነው የሚውለው።

ብራውዘሩን ብቻ እንመልከት። ከላይ የተደረደሩት ታቦች ከመብዛታቸው የተነሣ ርዕሳቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከእያንዳንዳቸው የቀረችው ጥፍር የማታህል ምልክት ናት። የሚፈልገውን ገጽ ከመካከላቸው ፈልጎ ከማውጣት ያንኑ ገጽ በአዲስ ታብ እንደገና መክፈት ስለሚቀለው፣ አንዱ ገጽ በአራት ቦታ ተከፍቶ ይገኛል። ይህን ብክነት የሚል ሰው መጠባበቂያ የሚባለውን ነገር አልተረዳም። ሶፍትዌር ሠሪዎቹ እንኳ ለዚህ ትጋት ያላቸውን አክብሮት ገልጸዋል፦ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም የተከፈቱትን ታቦች በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲቆጥር ይቆይና፣ 99 ሲያልፉበት ቁጥሩን ትቶ በሁለት ነጥብና በአንድ የላቲን ፊደል የተሠራች የምትስቅ ፊት ያስቀምጣል። የአይፎኑ ሳፋሪ እስከ 500 ይታገሣል። (500 ታብ ለማን እንደሚያንስ አላውቅም፤ ወሰን የተበጀለት ግን እዚያ የሚደርስ ሰው እንዳለ ስለታሰበ መሆን አለበት።)

የመዝጊያዋን ምልክት ፈጽመው አይነኩም ማለቴ አይደለም። ይነካሉ፤ እርሷም አታሳፍራቸውም። ማክ ላይ ቀዩን ክብ የተጫነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘጋው መስኮቱን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከታች በተደረደሩት ምልክቶች መካከል፣ ከራሱ ምልክት ሥር አንዲት ነጥብ አስቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል። ዊንዶውስ ላይ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ ፕሮግራሙም አብሮ ያበቃል፤ ይሁን እንጂ መልእክት መላላኪያዎችና እነርሱን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የተዘጉ መስለው ወደ ሰዓቱ አጠገብ ሄደው ይሸሸጋሉ። ስለዚህ «ሁሉንም ዘግቼ እንኳ ይንቀራፈፋል፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ የሚምለው ሰው አልዋሸም። ከፊቱ የተሰወረውን ሁሉ ሄደ ብሎ ያመነ ቅን ሰው ነው።

የዚህ ወገን ታላቅነት በሙሉ ክብሩ የሚታየው ግን የሪስታርት ጥያቄ ሲመጣ ነው። ኮምፒውተር ሪስታርት አድርጉኝ የሚለው ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ፣ በሥራ ላይ ያሉትን የሥርዓቱን ፋይሎች እያገለገሉ ሳሉ ነጥቆ መተካት ስለማይሆንለት፣ የሚተካቸው ሁሉም ነገር ቆሞ እንደገና በሚነሣበት በዚያ አጭር ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የደኅንነቱ ቀዳዳ፣ መድፈኛው ወርዶለትና ተዘጋጅቶለት ሳለ፣ ክፍቱን ይቀመጣል። የእኛ ሰው ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከፍቶ መተው ልማዱ የሆነ ሰው ለቀዳዳ ብቻ የተለየ ሕግ ሊያወጣ አይችልም፤ አቋም ማለት ይህ ነው።

ቁርጡ ቀን መጥቶ ሪስታርት ሲታዘዝም ኮምፒውተሩ እንደ ደንቡ በድንገት አይጠፋም። ዊንዶውስ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች «ልንዘጋ ነው፤ ዝግጁ ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ የያዘው ፕሮግራም «ቆይ» ለማለት መብት አለው፤ 5 ሰከንድ ያህል ተጠብቆ መልስ ያልሰጠውም ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣና ፍርዱ ለባለቤቱ ይተዋል፦ ወይ የመጣው ይምጣ ብሎ ሪስታርት ማድረግ፣ ወይ ነገሩን መተው። ሌላው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ ጠባዩ ጠንከር ይላል። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ጓዙን ሸክፎ እንዲወጣ የሚጠይቅ ምልክት ይልካል፤ ሲስተምዲ በሚባለው አስተዳዳሪ የተለመደ አሠራር አንድ አገልግሎት እስኪቆም የሚጠበቀው 90 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው ምልክት እምቢ የሚባል ዓይነት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ቁርጥ ያለ አነጋገር ለእኛ ሰው አይስማማውም።

ይህን የምለው በዐይኔ አይቼ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ አላንቀሳቅስ ሲለው ጠራኝና፣ ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሪስታርት ለማድረግ ተስማማ። ስክሪኑ ወዲያው አንድ ወጥ ቀለም ሆነና ከመሃሉ የአንዲት ማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም ስም ብቅ አለ፤ ሥራውን አንቃ የያዘችው እርሷ ነበረች። ባልደረባዬ ሪስታርቱን ሰረዘና ከተደራረቡት መስኮቶች ሥር ቆፍሮ አወጣት። ርዕስ የላትም። ውስጧ አንድ የስልክ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ «ነገ» የሚል ቃል።

«የማን ቁጥር ነው?» አልኩት።

አገጩን እያሻሸ ለረጅም ጊዜ አያት። «ትዝ አይለኝም» አለ።

«እንግዲያውስ ሴቭ አድርጋትና እንቀጥል።»

«ምን ብዬ ስም ልስጣት?»

«ሳታስቀምጥ ዝጋታ!»

«ቢያስፈልገኝስ?»

ለማስቀመጥ ስም ያጣች፣ ለመጣልም ያሳዘነች ያቺ ማስታወሻ በቦታዋ ተመለሰች፤ ሪስታርቱም በእርሷ ምክንያት ቀረ። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ፕሮግራም፣ ያ ሁሉ አፕዴት፣ በአንድ ባለቤቱ ባልታወቀ ቁጥር ፊት ቆመ። ታማኝነትን ከዚህ በላይ የሚገልጽ ነገር አላየሁም።

ከወገኑ መካከል ጥያቄና መልስ የማይወዱ ቆራጦችም አሉ፤ ራሴንም ከእነርሱ አላወጣም። ኮምፒውተሩ ሲደነዝዝ ማብሪያ ማጥፊያውን 4 ሰከንድ ያህል ተጭነን እንይዛለን። በዚህ መንገድ ሲጠፋ ለማንም ጥያቄ አይቀርብም፤ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ብቻ የነበረው ሁሉ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ደብዳቤ እየጻፍኩ እንዲሁ አደረግሁና ስመለስ የመጨረሻው ገጽ የለም። ዎርድ ካልተነካካ በቀር የመልሶ ማግኛ ቅጂ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ ያቺ ገጽ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ባለው ጊዜ የተጻፈች ነበረች። ሴቭ ያላደረግሁት እኔ፣ አፍኜ ያጠፋሁት እኔ፤ ቀኑን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የነገርኩት ግን «ኮምፒውተሩ ደብዳቤዬን በላው» ብዬ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላውን ቀለል ያደርገዋል።

«እኔስ ማታ ማታ አጠፋለሁ» የሚል ጨዋ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱም ከውዳሴው አይቀርም። በ2012 በወጣው ዊንዶውስ 8 የተጀመረ ፈጣን ማስነሻ የሚባል አሠራር አለ። ይህ አሠራር በበራበት ኮምፒውተር ላይ «አጥፋ» የሚለውን ሲጫኑ የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ እንጂ የሥርዓቱ አስኳል አይዘጋም፤ እንዳለ ዲስክ ላይ ይጻፍና በማግስቱ ከነበረበት ይቀጥላል። ሁሉን ከመጀመሪያው የሚያስነሣው ሪስታርት ነው። በየማታው በሥነ ሥርዓት እያጠፋ የሚሄደው ሰው የተግባር ማቀናበሪያውን (ታስክ ማናጀር የሚሉትን) ገጽ ገልጦ ቢያይ፣ ኮምፒውተሩ ሳያቋርጥ የቆየበት ጊዜ በሳምንታት ተቆጥሮ ሊያገኘው ይችላል። ከፍቶ የማይዘጋ ጌታ ያለው ማሽን ውሎ አድሮ የጌታውን ጠባይ ተማረ፤ ዘጋሁ ይላል፣ አይዘጋም።

ማክም ከ2011 ጀምሮ ከመጥፋቱ በፊት፣ ተመልሶ ሲገባ መስኮቶቹን እንደገና ይክፈታቸው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ምልክቷን ያላነሣ ሰው ትናንት የሸሸውን ክምር ዛሬ በቦታው ያገኘዋል። ብራውዘሮቹም ካቆሙበት የመቀጠል ምርጫ አላቸው። ሠሪዎቹ ለዓመታት «ሴቭ ይደረግ?» እያሉ ሲጠይቁን ኖረው፣ አንብበን እንደማንመልስ ሲገባቸው ጥያቄውን ራሳቸው ተዉት። ትግሉ ያለ ደም መፋሰስ በእኛ ድል ተጠናቋል።

ባልደረባዬም የድሉ ተካፋይ ሆኗል። ያን አፕዴት ከወራት በኋላ ሳይወድ በግዱ አደረገው፤ ማስታወሻውንም ከዚያ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጠና ወደ ዊንዶውስ 11 ኖትፓድ አዛወረው። ይህ አዲሱ ኖትፓድ፣ እንዲያደርግ ከተተወ፣ ሲዘጋ ሴቭ ይደረግ ብሎ አይጠይቅም፤ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ይዞ ቆይቶ ሲከፈት ይመልሳል። ባለፈው ሳምንት ሪስታርት አድርጎ ሲከፍተው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቁጥሩ ተመልሶ መጣ፤ «ነገ»ም ከሥሩ አለች። የደወለበት ሰው ግን እስካሁን የለም።