አምሪሽ ፑሪ የሚገባውን ክብር አላገኘም

ክፉ ሰው ሆኖ መተወን ቀላል ነው፣ ማፍጠጥና መጮህ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እስቲ አምሪሽ ፑሪን እዩት። ስሙን የማያውቅ ራሱ ፊቱን ያውቀዋል፣ ያ አይኑ የሚያስፈራው ድምፁ ወፍራም የሆነው የህንድ ፊልም ሰውዬ፣ እኛ ጋር ቪዲዮ ቤት ውስጥ እሱ ሲደበደብ ያላጨበጨበ ማን አለ?

ሰውዬው እኮ ፊልም በደንብ የተቀበለው አርባ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፑንጃብ ተወልዶ በሀያዎቹ እድሜው ቦምቤይ (የዛሬው ሙምባይ) ሄዶ ለመሪ ተዋናይነት ተፈተነና ወደቀ። ታላቅ ወንድሙ ማዳን ፑሪ የታወቀ የፊልም ሰው ነበር፣ ያም አላዳነውም። ከዛ የመንግስት ኢንሹራንስ መስሪያ ቤት ተቀጥሮ ስንትና ስንት አመት ቢሮ እየሰራ ጎን ለጎን መድረክ ላይ ቴአትር ሲሰራ ኖረ፣ በ1979 በቴአትር የሳንጊት ናታክ አካዳሚን፣ የህንድን ብሔራዊ የመድረክ ጥበባት ተቋም፣ ሽልማት ወስዷል፣ ይሄ በህንድ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ድምፅ እዛ መድረክ ላይ የተሰራ ነው።

በ1984 የሆሊውዱ ዳይሬክተር ስፒልበርግ ኢንዲያና ጆንስ ፊልም ላይ ጭንቅላቱን አስላጭቶ የሰው ልብ በእጁ የሚያወጣ ቄስ አደረገው፣ በ1987 ደግሞ ሚስተር ኢንዲያ በሚለው ፊልም ሞጋምቦ የሚባለው ክፉ ሰው ሆኖ መጣ፣ ህንድ ውስጥ እስከዛሬ ክፉ ሲባል ሞጋምቦ ነው የሚመጣላቸው።

እኔ ግን በጣም የምወደው የ1995ቱ ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ላይ አባት ሆኖ የሰራውን ነው። መጨረሻው ላይ ባቡሩ መሄድ ጀምሯል፣ ልጁ ባቡሩ ላይ ወዳለው ፍቅረኛዋ ልትሮጥ ስትታገል እሱ እጇን ጨምድዶ ይዞ ፊቱ አይነቃነቅም፣ አንዳች ነገር ይቀሰቀሳል ብለህ ስትጠብቅ በቃ ድንገት ይለቃታል። ያ ሁሉ ሰው የሚያለቅሰው እኮ እሱ መጀመሪያ በደንብ ስላስፈራው ነው!

የሚያበሳጨኝ ነገር፣ ፊልምፌር የሚባለው ትልቁ የህንድ ፊልም ሽልማት ሶስት ጊዜ በረዳት ተዋናይነት ሸልሞታል፣ ከሶስቱ ሁለቱ ጥሩ አባት ሆኖ በሰራባቸው ነው። በክፉ ገፀ ባህሪ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት፣ ከዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረውን፣ አንዴም አልሰጡትም። እሱ ሁሌም ክፉ ስለሆነ እንደ ስራ አልቆጠሩለትም መሰለኝ፣ ጥር 2005 በ72 አመቱ ሙምባይ እስኪሞት ድረስ።

ፊልሞቹ ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል፣ ስታዩ ሌላው ተዋናይ ሲያወራ የሱን ፊት ተከታተሉልኝ።